የምክር ዓምድ፦ ሚጉ ለምን በጭራው ተቀመጠ?

«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋራዥ የምሠራ የ26 ዓመት ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ነኝ። መኪና እንጀራዬም ፍቅሬም ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴን ቀና አስደርጎ ያስቀረኛል። ውጭ የሚኖረው ወንድሜ ለገና ሲመጣ የሚግ-21 ተዋጊ ጄት ሞዴል ኪት (ተገጣጣሚ) አመጣልኝ፤ 1/72 ነው፣ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። ገጣጠምኩት፣ ግን አፈርኩበት። የኮክፒቱ (የፓይለቱ ክፍል) መስታወት ጭጋግ ለበሰ። ቀለሙ ፕላስቲኩን አኮማተረው። የውሃ ስቲከሮቹ (ዲካል የሚባሉት) ዙሪያቸውን ነጭ አወጡ። በእግሩ ሳቆመው ደግሞ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጭራው ቁጭ አለ። ያጣበቅኩት በሱፐር ግሉ፣ የቀባሁት በጋራዡ ናይትሮ ቀለም ነው። አሁን ወንድሜ ለፋሲካ ሲመለስ ‹ምን ላምጣልህ?› ይለኛል። 1/144 የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 እና 1/24 ቮልስ አስቤአለሁ። የቱን ላስቀድም? እሱ ምን ያምጣ? እዚህስ ምን ልግዛ?»
ባትላሜራው፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድማችን፣ ሚጉን አትጣለው። የአራቱም ችግር ምክንያት የታወቀ ነው፤ የሚስተካከልም አለ። ማሸት፣ ፊት ማዘጋጀት፣ አቧራ መከላከል፣ ቀለም እስኪደርቅ እጅን መሰብሰብ የምታውቅ ሰው ስለሆንክ ከሌላ ጀማሪ ብዙ ትቀድማለህ። መለወጥ ያለብህ ልኩን ነው።

የመኪና ቀለም ከፋብሪካ ሲወጣ ከነክሊሩ (ከላይ ከሚቀባው ግልጽ ቀለም ጋር) ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ይወፍራል። ከዚያ ውስጥ 100 ማይክሮኑን ብቻ፣ ማለትም 0.1 ሚሊ ሜትር፣ 1/72 ሞዴል ላይ ብታሳርፍ በእውነተኛው ሚግ ላይ 7 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቀለም እንደ ለሰንክ ቁጠረው። በክንፉና በአካሉ ላይ የተቀረጹት የላሜራ መጋጠሚያ መስመሮች ጥልቀታቸው ራሱ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ አንድ የጋራዥ እጅ ይደፍናቸዋል። ሙጫም፣ ስቱኮም፣ የብርጭቆ ወረቀት ጭረትም እንደዚሁ ነው። እጅህን ባነሳህ ቁጥር «ይህ በ72 ሲባዛ ስንት ይሆናል?» በል።

ወደ መኮማተሩ እንምጣ። የኪቱ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ላሜራ ለናይትሮ ቲነር ግድ የለውም፤ ፖሊስታይሪን ግን ቲነሩ ውስጥ ባሉት ቶሉዊንና አሴቶን መሰል ነገሮች ይሟሟል። ቀለሙን እርጥብ አድርገህ ስታሳርፈው ቲነሩ ከመትነኑ በፊት ፕላስቲኩን በላው፤ የላይኛው ቆዳ ሲያብጥና ሲደርቅ ተሸበሸበ። ለዚህ መፍትሔው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ የሞዴል ቀለም ነው። የመኪና ቀለም መጠቀም የግድ ከሆነብህ መጀመሪያ የሞዴል ፕራይመር (ከሥር የሚቀባው የመሠረት ቀለም) ይቅደም፣ ከዚያ ከርቀት፣ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ሊደርቅ የደረሰ በሚመስል ስስ ጤዛ ሁለት ሦስት ጊዜ አልብሰው፤ በየመካከሉ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ሁልጊዜም ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ላይ አስቀድመህ ሞክር። ሃርድነር ያለውን ባለሁለት ዕቃ ቀለም ግን መኖሪያ ቤት ውስጥ አትርጨው። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክም አያቆመውም።

የተኮማተረውን ሚግ ለማዳን ቢያንስ ሳምንት ይድረቅ፤ ውስጡ የገባው ቲነር ሳይወጣ ካሸኸው በኋላ ተመልሶ ይሰረጉዳል። ከዚያ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት በ600 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ1000 አሸው። ጋራዥህ ያሉት 80 እና 120 እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይውጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ያው የምታውቀው ባለሃርድነር ስቱኮ ይሠራል፤ ግን እንደ ጥፍር ቀለም ስስ አድርገህ ቀባው፣ ሲወፍር እየሞቀ ስለሚደርቅ ቀጭኑን ክንፍ ያጣምመዋል። ለትናንሽ ስንጥቅ ሱፐር ግሉ ከሕፃን ፓውደር ጋር የተለወሰ ይበልጣል። እሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታሸት አለበት፤ ካደረ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይጠነክርና ስታሸው ዳርና ዳሩ ብቻ ይበላል።

ፕላስቲክን የሚበላው ያው ባሕርይ ለማጣበቅ ሲሆን ይጠቅማል። የሞዴል ሙጫ ሁለቱን ፊቶች አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንተ በምታውቀው ቋንቋ ብየዳ ነው። ስለዚህ ፊቶቹ ቀለም የነካቸው መሆን የለባቸውም። ሁለቱን ክፍሎች በፕላስተር አስረህ ትገጥምና ቀጭኑን ሙጫ በብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ብቻ ታስነካዋለህ፤ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። በጣትህ የያዝክበት ቦታ መጋጠሚያው ላይ ከሆነ ሙጫው በጣትህ ሥር ሰርጎ አሻራህን ያትማል፤ ትንሽ ሸሽተህ ያዝ። ሙጫ ሲበዛ ደግሞ መስመሩ ለስላሳ ሆኖ ይቆይና፣ አንተ አሽተህ ቀለም ከቀባህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰርጉዶ ይታያል። 24 ሰዓት መጠበቅ በቂ ነው ይባላል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ግን 48 አድርገው።

የሞዴል ሙጫ ካላገኘህ ናይትሮ ቲነር በጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አድርገህ የፍሬሙን ቁርጥራጭ ጨምርበት፤ በማግስቱ እንደ ቀጭን ማር ሲሆን ሙጫ ነው። የቲነሩ ዓይነት እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ሁለት የፍሬም ቁራጮችን አጣብቀህ አሳድር፤ ስትሰብራቸው ከተጣበቁበት ሌላ ቦታ ከተሰበሩ ሙጫህ ደህና ነው። መስኮት ክፈት።

ኮክፒቱን ያጨለመው ራሱ ሱፐር ግሉ ነው፤ ሲደርቅ የሚተነው ነገር ግልጹ ፕላስቲክ ላይ አርፎ ነጭ ይሆናል፤ ዝግ ኮክፒት ውስጥ መውጫ ስለሌለው ደግሞ ይብሳል። መስታወት የሚጣበቀው አናጢዎች በሚጠቀሙበት ነጭ ቪናቪል ነው፤ በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ነክተህ፣ የተረፈውን በእርጥብ ጥጥ ትጠርጋለህ፣ ሲደርቅ አይታይም። ያንተ ጭጋግ ከውጭ ከሆነ በጥርስ ሳሙናና በጥጥ፣ ቀጥሎ በመኪና ፖሊሽ አሸው። ከውስጥ ከሆነ መስታወቱ መነሳት አለበት፤ ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበር ሞዴሉን ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስገባና በምላጭ ጫፍ ቀስ እያልክ ፈልቅቀው። (ደብረ ብርሃን ላይ ለዚህ ፍሪዘር መፈለግ ያስቃል፤ ቢሆንም የከተማችሁ ውርጭ አይበቃውም፣ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ መውረድ አለበት።)

በጭራው የተቀመጠው ጥፋትህ ሆኖ አይደለም። እውነተኛው ሚግ ከፊት ራዳርና መሣሪያ፣ ከኋላ ከባድ ሞተር ስላለው ይመጣጠናል፤ ሞዴሉ ግን ባዶ ነው፣ ብዙው ፕላስቲክም ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው ያለው። ስለዚህ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይገባል። ለዚህ ከአንተ የተሻለ ዕቃ ያለው የለም፦ የጎማ ባላንስ እርሳስ። በመዶሻ ጠፍጥፈህ፣ በፒንሳ ቆርጠህ፣ የሚግ-21 አየር ማስገቢያ መሐል ያለችው ሾጣጣ ውስጥና ከፓይለቱ ወንበር ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ጠቅጥቀው። መጠኑን ለማወቅ አካሉንና ክንፉን በፕላስተር ብቻ እሰር፣ ዋናዎቹ ጎማዎች በሚቆሙበት መስመር ላይ በሁለት ጣት አንሳው፤ አፍንጫው ወደ ታች እስኪያዘነብል ጨምር፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ግራም ደግመህ ጨምር፤ ቀለሙና ጭራው ላይ የሚጣበቁት ትናንሽ ክፍሎች በኋላ ይመዝናሉና። እርሳሱን በቪናቪል አታጣብቀው፤ ቪናቪል ውስጥ ያለው አሲድ ከእርሳስ ጋር ሲገናኝ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላ አካሉን ከመጋጠሚያው ሰንጥቆ ይከፍተዋል። ኤፖክሲ ይሁን። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ሳትታጠብ ምሳ አትቅመስ። አሁን ያለቀው ሚግህ ግን ሳይከፈት የሚድን አይመስለንም፤ የፊት ጎማውን ከሰሌዳ ጋር በሽቦ አስረው፤ ሰሌዳው ማቆሚያ ይሁንልህ።

ዲካሎቹ ዙሪያ ያየኸው ነጭ፣ ነጭ ቀለም አይደለም፣ አየር ነው። ደብዛዛ ቀለም ሻካራ ስለሆነ ስሱ ፊልም ጉብታዎቹ ላይ ተዘርግቶ ከሥሩ አየር ያስቀራል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አንጸባራቂ ክሊር በስሱ፣ አንድ ሌሊት ማድረቅ፣ ከዚያ ዲካል፣ በመጨረሻ ደብዛዛ ክሊር ሁሉንም እኩል የሚያደርገው። ዲካሉን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 15 ሰከንድ ያህል አስነክረህ አውጣው፣ ወረቀቱ ላይ ራሱ እስኪላቀቅ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ ውሃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ከተውከው ሙጫው ታጥቦ ይሄዳል። ቦታው ላይ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል አድርገህ በብሩሽ አርጥብ፣ ዲካሉን አንሸራተህ አስቀምጥ፣ ከመሐል ወደ ዳር በጥጥ እየነካህ ውሃውን አውጣ። አቼቶው ፊልሙን ስለሚያለሰልሰው መስመሮቹ ውስጥ ይገባል፤ ለጊዜው ቢሸበሸብ አትንካው፣ ሲደርቅ ይወጠራል። የድሮዎቹን ነጮች በመርፌ ጫፍ ብዙ ቦታ ወግተህ ያንኑ አቼቶ ብታስነካቸው አብዛኞቹ ይጠፋሉ።

የኢትዮጵያ አየር ኃይልን ምልክት ግን የውጭ ኪት ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ አታገኝም። ክቡ ትልቅ ከሆነ በሰርክል ቴምፕሌት (በክብ መሳያ ገዢ) ፕላስተር ቆርጦ መቀባት ከማተም ይሻላል፤ ተራ ፕሪንተር ነጭ አያትምም፣ ቢጫውም በአረንጓዴ መሬት ላይ ይጠፋል። የቀለሞቹን አደራረግና የአውሮፕላኑን ቁጥር ልትሠራው ካሰብከው ዓመት ፎቶግራፍ ላይ አንብብ፤ በግምት አትሥራ።

ቀጥሎ ምን ይሠራ ላልከው፣ መልሳችን አንተን ላያስደስት ይችላል፦ 787ም ቮልስም አሁን አይደለም፤ ሌላ 1/72 ተዋጊ ጄት ይሁን። ኤፍ-5ኢ ጥሩ ነው፤ የአየር ኃይላችን ታሪክም ውስጥ አለ፣ ክንፉ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እግሩ ላይ ከመቆሙ በፊት የክብደቱን ፈተና እንደ ሚጉ ፈትነው። ምክንያታችን ቀለሙ ነው። ደብዛዛ ካሙፍላጅ ጭረትን፣ ትንሽ ስርጉድን፣ የብሩሽን መስመር ይሸሽጋል። የመኪና ቦዲ ግን መስታወት ነው፤ እውነተኛ መኪና ላይ አንድ ሜትር ርቀህ የማታያት ስርጉድ 1/24 ላይ ጣሪያውን ሙሉ ታበላሻለች። መኪና ቀለም ቀቢ ስለሆንክ «መኪናው ይቀለኛል» እንደምትል እንገምታለን፤ የሚከብድህም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ዓይንህ ስህተቱን አይምርህም።

787ቱ ደግሞ ነጭ ነው። ነጭ አቧራ ያሳያል፣ አይሸፍንም፣ ሰው እንዲሸፍን ብሎ ያወፍረዋል። በ1/144 ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን መደርደሪያህን አስቀድመህ ለካ። የአየር መንገዱን ታሪክ መያዝ ከፈለግክ ሌላ ሐሳብ እናቅርብልህ፦ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ሲ-47 ነው። በ1/72 ክንፉ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጎማ ከፊት፣ ትንሿ ከጭራ ስለሆነች በጭራው መቀመጡ ተፈጥሮው ነው፤ እርሳስ አይጠይቅህም። ብርማ ሆኖ ስለሚቀባ ግን ከ2000 ቁጥር በታች የሆነ ጭረት ሁሉ ይታይበታል፤ ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ይቆይ።

ቮልሱን ሁለተኛ አድርገው። የሞዴል ኪት አምራቹ ታሚያ የ1966 እ.ኤ.አ. ቮልስ 1300ን በ1/24 ያወጣዋል፤ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሚስጥሩ ከቀለም በፊት ነው፦ ፓራፋንጎው፣ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ ፕላስቲኩ የፈሰሰበት ቅርጽ ማውጫ የተገናኘበት ፀጉር የሚያህል መስመር አለ፤ ፕራይመር ስትረጭ ካልሆነ አይታይም። በ1000 አጥፋው። ሜታሊክ አትምረጥ፣ የመኪና ሜታሊክ ውስጥ ያለው ብልጭታ ለ1/24 አሸዋ ያህላል። ባለ አንድ ቀለም ክሬም ወይም ሰማያዊ ይሁን። ቦዲው በቀይ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ቀዩ በክሬሙ ውስጥ ወጥቶ ሮዝ ያደርገዋል፤ መጀመሪያ ብርማ ፕራይመር አልብሰው። ክሊሩ ሳምንት ከቆየ በኋላ በ2000 እና በ3000 በውሃ አሽተህ በእጅ ፖሊሽ አድርግ። በእጅ አልን፤ የጋራዡ ማሽን ፕላስቲኩን በሙቀት ያቀልጠዋል። ጠርዝ ላይ አትጫን፣ ቀለሙ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። መከላከያውና ቸርኬው ክሮም ለብሰው ከመጡ ሙጫ ክሮም ላይ አይዝም፤ የሚጣበቀውን ቦታ በምላጭ ፋቀው። ክሮሙ ሙሉ በሙሉ እንዲነሳ ከፈለግክ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው። በረኪናውና የዲካሉ አቼቶ ግን አንድ ሰሃን ላይ አይገናኙ፣ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አየሩን በተመለከተ የከተማህን ጠባይ ታውቀዋለህ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ነህ። በብርድ አክሪሊክ ቀለም ይደርቃል እንጂ አይጠነክርም፤ ከ15 ዲግሪ በታች አትርጭ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለውን ተጠቀም። የስፕሬይ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚወርድ ጠብታ ይተፋል፤ እጅ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ አቁመው እንጂ ከምድጃ አጠገብ አታስጠጋው። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ የቲነር ተንና የከሰል እሳት አይስማሙም፣ ጭሱም ሰው ይገድላል። በሐምሌና በነሐሴ ክሊር ስትረጭ ወተት የመሰለ ነጭ ቢለብስ እርጥበቱ ነው፤ ደረቅ ቀን ጠብቀህ ከላዩ ስስ ደግመህ ብትረጭ ብዙ ጊዜ ይጠራል። በበጋ አቧራው ስለሚያስቸግር የረጨኸውን ወዲያው በፕላስቲክ ሳፋ ክደነው።

እዚያው ከተማ ወይም አዲስ አበባ ወርደህ የምትገዛው፦ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት 400፣ 600፣ 1000፣ 2000፤ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ፣ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ ቪናቪል፣ ኤፖክሲ፣ የቀለም ቀቢ ወረቀት ፕላስተር፣ ላርጎ። ላርጎው ክፍሎቹ ገና ፍሬሙ ላይ እንዳሉ በለብ ያለ ውሃ ለማጠብ ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው የሚቀር ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይዝም። ክፍሎቹን ስትቆርጥ ከፍሬሙ በኩል 2 ሚሊ ሜትር አስተርፈህ ቁረጥ፣ ቀሪውን በምላጭ ላጨው፤ አስጠግተህ ከቆረጥክ ፕላስቲኩ ነጭ ይሆናል ወይም ይቦጨቃል።

ከወንድምህ የምትጠይቀው ኪቶቹን፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም፣ ጥሩ ሦስት ብሩሾች፣ አቅም ካለው ደግሞ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍ ያለው ኤርብራሽ (በአየር የሚረጭ ትንሽ የቀለም መርጫ) ነው። የጋራዡ ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ ግን የኤርብራሽ ቱቦ ብዙ ጊዜ ባለ 1/8 ኢንች ጥርስ ስለሆነ ወደ 1/4 የሚያገናኝ አዳፕተር፣ ግፊቱን ወደ 1 ወይም 1.4 ባር የሚያወርድ ሬጉሌተርና ውሃ ማጥመጃ ያስፈልግሃል። ያንን ሳታደርግ በ6 ባር ከከፈትከው ቀለሙ ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቃል፣ ዘይትና ውሃም ይተፋብሃል። ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥነህ ከ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት እርጭ።

ሙጫ፣ ቲነርና የስፕሬይ ቆርቆሮ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በሻንጣው አይዝ፤ ኤርፖርት ላይ ይወረስበታል። ምላጭና መቁረጫ ካመጣ ሊያስጭነው በሚያስረክበው ሻንጣ እንጂ በእጅ አይያዝ። የኪቱን ሳጥን እዚያው ከፍቶ ግልጾቹን መስታወቶች በወረቀት ለብቻ ይጠቅልላቸው፣ የዲካሉን ወረቀት ደግሞ በደብተር መሐል ያስተኛው፤ ከታጠፈ አይመለስም። የቮልሱን የላስቲክ ጎማዎች ከመስታወቱና ከቦዲው ለይቶ በሌላ ከረጢት ያስቀምጣቸው፤ አንዳንዱ ለስላሳ ጎማ ለረጅም ጊዜ ሲነካው ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።